«ጨምሪ ወይም ልቀቂ» ሲባል

እንበል፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ አንዲት እናት ሰርቪስ ቤት በወር 6,000 ብር ተከራይታ ትኖራለች። የግቢው ባለቤት አንድ ማታ መጥተው «ልጄ፣ ኑሮው ተወዷል፤ ከሚመጣው ወር 9,000 ትከፍያለሽ፤ ካልሆነ ልቀቂልኝ» ይሏታል። ሻንጣዋን ማዘጋጀት አለባት?

የለባትም። በመጋቢት 2016 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 እንደሚለው፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት ማነስ አይችልም። ጭማሪ የሚደረገውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያስታውቀው መጠን እንጂ አከራይ እንዳሻው አይደለም። አዲስ ተከራይ ሲገባ የሚጠየቀው ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም።

ይህ ማለት ግን ተከራይ ፈጽሞ አይወጣም ማለት አይደለም። ኪራይ በጊዜው ያልከፈለ፣ ቤቱን ያበላሸ፣ ያለ አከራዩ ፈቃድ መኖሪያውን የንግድ ቤት ያደረገ ወይም ጎረቤት የሚያውክ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ቤቱ ተሸጦ ወይም በውርስ ለሌላ ሰው ቢተላለፍም፣ አዲሱ ባለቤት ተከራዩን ለማስወጣት ከወራት በፊት ማስጠንቀቅ ይኖርበታል።

ብዙ ተከራይ የሚሸነፈው በኪራይ ክፍያ ነው። አከራዩ ተናደው «የድሮውን ዋጋ አልቀበልም» ሲሉ፣ ተከራይዋም «እንግዲያው ይቅር» ብላ ዝም ትላለች። ወሩ ሲያልፍ ግን ኪራይ ያልከፈለችው እሷ ሆና ትገኛለች። ስለዚህ ጠቡ እንዳለ ሆኖ የቆየውን 6,000 ብር በቀኑ በአከራዩ የባንክ ሒሳብ አስገብታ ደረሰኙን ትያዝ። አዋጁም ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ውሉ ላይ 4,000 ተጽፎ ቀሪው 2,000 በእጅ የሚሰጥ ከሆነ፣ ክርክር ሲነሳ የ2,000ው ማስረጃ የለም።

ቁልፍ መቀየር፣ ዕቃ አውጥቶ ደጅ መጣል፣ ውሃና መብራት መቁረጥስ? አከራይ አለኝ የሚለውን መብት በጉልበት ማስፈጸም አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የመኖሪያ ቤትን ከመደፈር ይጠብቃል፤ ጥበቃው ለባለካርታ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ፎቶ ማንሳት፣ ጎረቤት በምስክርነት መያዝ፣ ወዲያውም ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል።

ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በአዲስ አበባ ይህንን የሚከታተለው የቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ ነው፤ ተከራይ በቅርበት የሚያገኘው ግን የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ነው። «ልቀቂ» የተባለች ተከራይ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጣት ትጠይቅ፤ ከዚያ ውሉንና የባንክ ደረሰኞቹን ይዛ ወረዳዋ ዘንድ አቤት ትበል። እዚያ ካልተፈታ ቀጣዩ በር ፍርድ ቤት ነው።