ባሌስትራ ለምን ተደራረበ?

የጭነት መኪና ሥር ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ባሌስትራን ያውቀዋል፤ ረጅሙ ብረት ከላይ፣ አጫጭሮቹ ከታች፣ መሀላቸው በብሎን የታሰረ። የረጅሙ ጫፍና ጫፍ ተጠቅልሎ ጎሚኒ ይገባበታል። ስለ አካሉ ይኸው ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚስተው መደራረቡን ነው። አንድ ጋራዥ ውስጥ ሾፌሩ በያጁን፣ "ወንድሜ፣ ጎንና ጎኑን በይድልኝማ፤ አንድ ወጥ ሆኖ ይጠንክር" ሲለው ሰምቻለሁ። ይጠነክራል ማለቱ ልክ ነው። ጋሊሊዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ የተሸካሚ ውፍረት እጥፍ ሲሆን የመሸከም አቅሙ አራት እጥፍ ያድጋል። ግትርነቱ ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

እንቁጠረው። ርዝመትና ስፋታቸው እኩል የሆነ፣ 10 ሚሊ ሜትር የሚወፍሩ 5 ብረቶች ሳይያያዙ ይደራረቡ። ከጎናቸው ባለ 50 ሚሊ ሜትር አንድ ወጥ ብረት ይቁም። ወጡ ጎብጦ ሳይቀር የሚችለው ጭነት የድርብርቡን 5 እጥፍ ነው፤ ግትርነቱ ግን 25 እጥፍ። ስለዚህ ድርብርቡ ሳይበላሽ የወጡን 5 እጥፍ ይለመጣል። ጭነቱ በአምስት አነሰ፣ መለመጡ በአምስት ጨመረ፤ ሁለቱ የሚውጡት የንዝረት ጉልበት እኩል ይወጣል! እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ ይህ ነው። ብረቱም ጉልበቱም ያው ነው፤ ወጡ ግን ጉድጓዱን ለሻንሲው በአንድ ምት ያቀብለዋል፣ ድርብርቡ እየተለመጠ ቀስ ብሎ ይቀበለዋል።

ምስጢሩ መንሸራተት ነው። ወፍራም ደብተር አጉብጡ፤ የገጾቹ ጠርዝ ደረጃ ይሠራል። ጠርዙን በሁለት እጅ ጨምቃችሁ ያዙና እንደገና ሞክሩ፤ አልታዘዝ ይላችኋል። ባሌስትራም ውስጥ ብረቶቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ መኪናው ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ሲወዛወዝ እንዳይቆይ የሚያግዘው አንዱ ይህ ፍትጊያ ነው።

ብየዳው ይህን መንሸራተት ይገድላል። ከዚያም በላይ ባሌስትራ በሙቀት ታክሞ የጠነከረ ብረት ስለሆነ፣ የብየዳው እሳት ያንን ያበላሽበታል፤ ቆይቶ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። በየመሀሉ የሚጋገር ዝገትም ያለ በያጅ ብረቶቹን ያጣብቃል፤ የሚያጸዳው ሰው ግን አላየሁም።

"ታዲያ አንድ ብረት ልጨምር" የምትሉም አላችሁ። ባሌስትራው ተጨማሪውን ጭነት ይችል ይሆናል። ፍሬኑ፣ ጎማውና አክስሉ ግን እንደነበሩ ናቸው፤ ቁልቁለት ላይ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው።