ስለ «ሞት ደብተር» እና ሲኒማው ስላጐደለው ነገር

በኮልፌ ቀራንዮ፥ ከአየር ጤና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኘው ሰፈራችን፥ ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፥ እኛና የ16 ዓመቱ ልጃችን ጐን ለጐን ተቀምጠን አንድ ሲኒማ ተመለከትን። ሲኒማው በተፈጸመ ጊዜ ልጁ ራሱ የሠራው ይመስል አፍሮ ነበር። «አባዬ፥ እውነተኛው እንዲህ አይደለም» አለና ኮምፒዩተሩን ዘጋው።

ነገሩ የአንድ ማታ መዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ልንጽፈው ባላሰብን ነበር። ነገር ግን ከዚያ ማታ ጥቂት ሳምንት አስቀድሞ በማዕድ ላይ ሳለን፥ ልጃችን አንድ ጥያቄ ጠይቆናል፤ ይኸውም ማስረጃ ጐድሎ በነፃ የተለቀቀውን ወንጀለኛ ሌላ ሰው ቢቀጣው ምን ኃጢአት አለበት የሚል ነው። እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነን ዕድሜያችንን በመዝገብ መካከል ያሳለፍን ስለ ሆንን፥ ጥያቄው እንደ እሾህ ወጋን። ከየት እንዳመጣው ብንጠይቀው «ከሞት ደብተር» ብሎ መለሰና አብረነው እንድናይ ለመነን። 37 ክፍል መሆኑን በሰማን ጊዜ ግን ጊዜ የለንም አልነው፤ ከዚሁ ታሪክ የተቀዳ የአሜሪካ ሲኒማ መኖሩንም ስናውቅ፥ በአንድ ማታ የሚያልቀውን መረጥን። ልጁ ሲኒማው መጥፎ መሆኑን ከጓደኞቹ ስለ ሰማ እስከዚያ ቀን ሳያየው ቀርቶ ነበር። ስለ እኛ ብሎ አየው።

ጃፓኖች እየሣሉ የሚያንቀሳቅሱትን የሥዕል ታሪክ ልጆቻችን «አኒሜ» ይሉታል። በአያቶቻችን ዘመን በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውን የሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ዛሬ ይህን ስናስብ እንስቃለን። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን በእርግጥ የሞት መንፈስ ስላለበት፥ የልጆቻችን እናት ስሙን ስትሰማ ብታማትብ አልፈረድንባትም።

ታሪኩን በቃል የደረሰው ጹጉሚ ኦባ፥ በሥዕል ያወጣው ታኬሺ ኦባታ ነው። በ1996 ዓ.ም. በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት መውጣት ጀምሮ በ1998 ዓ.ም. ተፈጸመና በ12 መጽሐፍ ተጠረዘ። ማድሃውስ የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ ሰኔ በቴሌቪዥን እንዲታይ አድርጎ ሠራው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሪዩክ የሚባል የሞት መንፈስ ሥራ መፍታት ቢሰለቸው፥ ደብተሩን ወደ ሰው ዓለም ይጥላል። በትምህርቱ አንደኛ የሆነ ላይት ያጋሚ የሚባል የፖሊስ ሹም ልጅ ያነሣዋል። በደብተሩ ላይ ስሙ የተጻፈ ሰው፥ የአሟሟቱ ምክንያት ካልተጠቀሰ፥ በ40 ሰኮንድ ውስጥ ልቡ ቆሞ ይሞታል። ላይት መጀመሪያ የጻፈው ሕፃናትን ከነመምህራቸው አግቶ የያዘ ወንጀለኛ ስም ነው፤ በዚህስ ማን ያዝናል? ቀጥሎ ግን በየቀኑ ይጽፋል። ዓለሙን ከክፉዎች አጠራለሁ ይላል። ሕዝቡም «ኪራ» ብሎ ስም ያወጣለትና ከፊሉ ይፈራዋል፥ ከፊሉ ያመልከዋል። የሚያሳድዱት ሲመጡ ደግሞ ምንም ያልበደሉ 12 የኤፍ ቢ አይ መርማሪዎችን ይገድላል። ከወንጀለኛው ስም ወደ መርማሪው ስም የተሻገረበት ድልድይ እጅግ አጭር ነው፤ ተመልካቹም ከእርሱ ጋር ሲሻገር ሳይታወቀው ይቀራል። የልጃችን ጥያቄ የተወለደው ከዚሁ ነበር።

በነሐሴ 19 ቀን 2009 ዓ.ም. ኔትፍሊክስ ያወጣው፥ አዳም ዊንጋርድ ያዘጋጀው ሲኒማ ታሪኩን ከጃፓን አንሥቶ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ተከለው። ብዙ ሰው የነቀፈው በዚህ ነው፤ እኛ ግን አገር መለወጡ ብቻውን ያን ያህል ባልከፋን ነበር። የከፋን ልጁ መለወጡ ነው። የአሜሪካው ላይት እናቱን አንድ ወንበዴ በመኪና ገድሎበት ሳይቀጣ የቀረ፥ በቀል ያንገበገበው ልጅ ነው። የጃፓኑ ላይት ግን ማንም አልበደለውም፤ ቤቱ ሰላም፥ አባቱ ቅን ሰው፥ እራቱ የተዘጋጀ ነው። ሰውን ወደ መግደል የመራው ቁስል ሳይሆን ትዕቢት ነው። ወላጅን እንቅልፍ የሚነሣውም ይህ ነው፤ በደል የደረሰበትን ልጅ ማንም ያስተውለዋል፥ ጐበዙንና ጸጥተኛውን ልጅ በክፍሉ ምን እያሰበ እንደ ሆነ ግን ማን ይጠይቀዋል? ሲኒማው ይህን ጥያቄ አውጥቶ ጣለው።

ሌላውም እንደዚሁ ነው። የጃፓኑ ልጅ የሞቱን መንፈስ ባየ ጊዜ ለአፍታ ደንግጦ ወዲያው ሲጠብቀው እንደ ነበረ ይናገራል፤ በዚያ እርጋታው እንፈራዋለን። የአሜሪካው ይጮኻል፥ ይደበቃል። የጃፓኑ ምስጢሩን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል፤ የአሜሪካው ገና በጥዋቱ ለወደዳት ልጃገረድ ያሳያታል። ኤል የተባለው መርማሪ የሞት ፍርደኛ እስረኛን በራሱ ስም በቴሌቪዥን አስቀምጦ፥ ንግግሩ በዓለም ሁሉ የሚታይ አስመስሎ ካንቶ በሚባል የጃፓን ክፍለ ሀገር ብቻ በማሰራጨት፥ ላይት በቁጣ ገድሎት ያለበትን ስፍራ እንዲገልጥ ያደረገበት ወጥመድ፥ በሲኒማው እንደዚያ ሆኖ አይገኝም። ከ13 ሰዓት በላይ የሚፈጀው ነገር በ1 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጨመቀው ዐሳብ ነው፤ ደሙ ግን ሁሉ ቀርቷል። የዊለም ዳፎ ድምፅ ለሪዩክ የተስማማ መሆኑን ሳንመሰክር ብናልፍ ሐሰት ይሆንብናል።

ሥዕልን በሥጋ ለባሽ ተዋናይ መጫወት አይቻልም የሚሉ አሉ። ይህ እውነት አይመስለንም፤ ጃፓኖች ራሳቸው ይህንኑ ታሪክ በ1998 እና በ1999 ዓ.ም. በሁለት ሲኒማ በተዋናዮች ሠርተው ሕዝቡ በደስታ ተቀብሎታል። «ዋን ፒስ» የተባለውም በ2015 ዓ.ም. ደራሲው ኤይቺሮ ኦዳ አብሮ እየተቈጣጠረ ስለ ተሠራ ተመስግኗል። በአንጻሩ «ድራጎን ቦል»ን በ2001 ዓ.ም. ሲኒማ ያደረጉት ሰዎች እጅግ ተነቅፈው፥ ድርሰቱን የጻፈው ቤን ራምሲ በ2008 ዓ.ም. ወዳጆቹን በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ከእኛም አገር የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲያነበው የሰማ ሰው፥ አንድ ሥራ ከመጽሐፍ ወደ ድምፅ ተሻግሮ ነፍሱ ሳትጐድል መኖር እንደምትችል ያውቃል። ወጋየሁ ቃሉን አክብሮ አነበበ እንጂ በአሳጠረው እደግ እባላለሁ አላለም።

ወደ ዚያች ማታ እንመለስ። ልጃችን ተቈጥቶ፥ ደብተሩ የሚሠራበትን ሕግ እየቈጠረ ያስረዳን ጀመር። ከሕጎቹ አንዱ የሚጽፈው ሰው የሚሞተውን ሰው መልክ በልቡ ካልያዘ ጽሕፈቱ አይሠራም የሚል ነው፤ ይህም ስመ ሞክሼ የሆኑ ሰዎች ያለ ጥፋታቸው እንዳይሞቱ ነው። ይህን ስንሰማ ዝም አልን። ከብዙ ዓመት በፊት፥ ገና በሥራው አዲስ ሳለን፥ በአንድ ትእዛዝ ላይ የአንድ ተከሳሽን ስም ከነአባቱ ጽፈን የአያቱን ስም ዘልለን ነበር። ስሙም የአባቱም ስም አንድ የሆነ ሌላ ሰው፥ የቀን ሠራተኛ፥ ተይዞ ሁለት ሌሊት ታስሮ አደረ። በሦስተኛው ቀን ዳኛው ፊት ቀርቦ ሰውየው እርሱ አለመሆኑ ታወቀና ተለቀቀ። ሲወጣ በመስኮታችን በኩል አልፎ «እግዜር ይስጥልኝ» አለን፤ የጻፍነው እኛ መሆናችንን አላወቀም ነበርና። ይህን ለማንም ነግረን አናውቅም፤ ለልጃችን የነገርነው በዚያች ማታ ነው።

ልጁ ብዙ ጊዜ ሳይናገር ቈየ። በኋላ፥ የሰውየውን ስም አሁንም እናስታውሰው እንደ ሆነ ጠየቀን። እንደምናስታውሰው፥ የአያቱንም ስም ጨምረን ነገርነው። «ኪራ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛ ቀን የለውማ» አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቈጠር ማዘዙን ልናስረዳው አስበን ነበር፤ ዳሩ ግን ከዚህ በኋላ የሚጨመር አላገኘንም።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እውነተኛውን ታሪክ ከአንደኛው ክፍል ጀመርን። ንግግሩ ጃፓንኛ፥ ከሥሩ የሚጻፈው እንግሊዝኛ ነው፤ እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርነው እንግሊዝኛ እየተከተልን፥ ለልጆቻችን እናት ባማርኛ እንነግራታለን። መብራት በጠፋ ማታ ልጁ የቀረውን በቃሉ ይተርክልናል፤ እንዲያውም ከሥዕሉ ይልቅ ትረካው የሚጥምበት ጊዜ አለ። ታሪኩን ገና ለማየት ያሰበ አንባቢ ቢኖር ቀጥሎ ያለውን ሳያነብ ይለፈው።

በዚህ ሳምንት 25ኛው ክፍል ላይ ደረስን። በዚያ ክፍል ኤል ይሞታል። ልጃችን አስቀድሞ ያውቀው ስለ ነበር፥ ከመስኮቱ ይልቅ የእኛን ፊት ይመለከት ነበር። የልጆቻችን እናት ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ከጭኗ አወረደችና፥

«እንግዲህ ይህን ልጅ ማን ይይዘዋል?» ብላ ጠየቀች።

«ገና 12 ክፍል ይቀራል፥ እማዬ» አላት።