ሄድ ወይስ ኮምቦ?

ካፉሪ ውስጥ፣ ሱዳኖቹ ባህሪ በሚሉት በሰሜን ካርቱም በኩል፣ አንዲት የጥገና ክፍል ነበረችኝ። ሰርግ የሚጫወቱ የአገሬ ልጆች ከዴምና ከጀሪፍ ሰፈር ድልድይ ተሻግረው ይመጡ ነበር። ገንዘብ ያጠራቀመ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ሄድ ልግዛ ወይስ ኮምቦ?»

ኮምቦ የጊታር ማጉያውንም ስፒከሩንም በአንድ ሣጥን የያዘ ነው። ሄድ ግን ማጉያው ብቻ ነው፤ ስፒከሩ በሌላ ሣጥን፣ በካቢኔት ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል። እኔም መልሼ «በምን ልታጓጉዘው ነው?» እላለሁ። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ ትልልቆቹንም አስቸግሯል። በ1965 እ.ኤ.አ. የማጉያ አምራቹ ማርሻል ለዘ ሁ ባንድ ጊታሪስት ለፒት ታውንሼንድ ስምንት ባለ 12 ኢንች ስፒከር በአንድ ካቢኔት ሠራለት። ተሸካሚዎቹ አልቻሉትም፤ ካቢኔቱ ለሁለት ተከፈለ። ዛሬ መድረክ ላይ የምናየው፣ ባለ አራት ስፒከር ካቢኔቶችን መደራረብ የመጣው ከዚያ ነው። አንዱ ብቻ ወደ 36 ኪሎ ይመዝናል። የካርቱም ሙዚቀኛ ደግሞ ይጓዝ የነበረው አምጃድ በሚሏት ትንሽ ሚኒባስ ነው፤ ከነኪቦርዱ፣ ከነቦንጎው።

ስለዚህ መልሴ ለዓመታት «ኮምቦ» ነበር። የአገሩ ዜማም ይደግፈኝ ነበር። የሱዳን ዘፈን እንደ እኛው አምስት ድምፅ ላይ የቆመ ነው፤ የጃዛቸው ንጉሥ የሚባለው ሻርሃቢል አህመድ ካስለመደው ጀምሮ ጊታሩ እያንዳንዱ ኖታ ጠርቶ እንዲሰማ ይፈለጋል። ለዚህ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረተው ኮምቦ፣ ሮላንድ ጄሲ 120፣ የሚመች ነው። ቲዩብ የሚባለው አምፖል መሰል ክፍል የለውም፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር አለው፣ 28 ኪሎ ገደማ ነው። በቤት ግቢ ውስጥ ለሚደገስ፣ ለዓመታትም ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ ይገደድ ለነበረ ሰርግ ከበቂ በላይ ነው።

ሄድን ያስጠላኝ ሌላም ነገር ነበር። አንድ ምሽት «ያ ባሽሙሀንዲስ (አንተ መሐንዲስ)፣ ቶሎ ድረስ!» ተብዬ ካፉሪ ውስጥ ወዳለ የሰርግ ግቢ ሮጥኩ። ልጁ ባለ ቲዩብ ሄዱን ከካቢኔቱ ያገናኘው በጊታር ገመድ ነበር። መልኩ አንድ ነው፣ ጃኩም አንድ ነው። የጊታር ገመድ ግን ውስጡ ቀጭን ነው፤ የተሠራው ለደካማ ሲግናል እንጂ ስፒከር ለሚነዳ ኃይል አይደለም። ገመዱ ሞቆ ተበጠሰ። ባለ ቲዩብ ማጉያ ደግሞ ስፒከር ሳይኖረው ከተጫወቱበት ኃይሉ መውጫ ያጣና የመውጫ ትራንስፎርመሩን ይበላዋል። ያን ሌሊት የጋለውን የቫርኒሽ ሽታ አልረሳውም። ሄዱ የተገዛው በልጁ የስድስት ወር ደሞዝ ነበር። ኮምቦ ቢሆን ስፒከሩ ከፋብሪካው ታስሮ ስለሚመጣ ይህ አይደርስበትም።

እውነቱን ለመናገር ኮምቦም ከጠረጴዛዬ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ስፒከሩ እዚያው አጠገባቸው ስለሚነዝር ቲዩቦቹ ከሶኬታቸው ይላላሉ፤ ብየዳውም ይሰነጠቃል። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲመጣ ጀርባው ክፍት በሆነው ሣጥን ገብቶ ማዞሪያዎቹን ያንኮሻኩሻል። ይህን ሁሉ እያየሁ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ያስቀየረኝ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተጀመረው ጦርነት ነው። ሸሽተን በገዳሪፍ አድርገን፣ ገላባትን አልፈን መተማ ስንገባ በእጃችን ከያዝነው ሌላ ንብረት አልነበረንም። «ኮምቦ ግዙ» ያልኳቸው ልጆች ያ ሁሉ ኪሎ ካፉሪ፣ ዴምና ጀሪፍ ቀረባቸው። አብሮን የተሳፈረ አንድ ሊድ ጊታሪስት ግን ኦሬንጅ ታይኒ ቴረር የምትባለዋን ባለ 15 ዋት ሄድ ጭኑ ላይ ይዞ ነበር። ከ6 ኪሎ አትበልጥም፤ በትከሻ በሚነገት ቦርሳ ትገባለች። ካቢኔቱን ትቶታል። አዲስ አበባ በገባ በሳምንቱ ከጓደኛው ካቢኔት ተውሶ ሥራ ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ የምመልሰው እንዲህ ነው። ቋሚ መድረክ ያለው ኮምቦ ይግዛ። እንጀራው መንገድ ላይ የሆነ ግን ትንሽ ሄድና ባለ አንድ ስፒከር ካቢኔት ይያዝ። ዋት አያሳስበው፦ ከ15 ወደ 30 ዋት ቢወጣ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ ድምፁ እጥፍ ሆነ እንዲል ኃይሉ 10 እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። የቀረውን ማይክ ከስፒከሩ ፊት ተክሎ በሞንታርቦው ያውጣው።

ሄድ የገዛችሁ ደግሞ አደራችሁን፣ የስፒከሩን ገመድ ሁለቱንም ጫፍ በቀይ ፕላስተር ጠቅልሉት፤ ከጊታር ገመዶቻችሁም ጋር በአንድ ቦርሳ አትክተቱት።