ድመት ወይስ ቡችላ? ወደ ኦምዱርማን የተመለሰ ቤተሰብ አዲስ እንስሳ ከማስገባቱ በፊት

ጦርነት ያለፈበት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው ጥያቄ ውሃ ነው፤ ቀጥሎ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ በርና መስኮት። ስለ ድመትና ስለ ውሻ ማሰብ በዚህ መሃል ቅንጦት ይመስላል።

ይሁን እንጂ ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲቀሰቀስ ቤታቸውን ጥለው ለወጡና አሁን ወደ ኦምዱርማን ለተመለሱ ቤተሰቦች ጥያቄው ሳይጠሩት ሊመጣ ይችላል። ሰው በሌለበት ግቢ ድመት ወልዳ ትገኛለች። አይጥ እህል ያበላሻል። ሌሊት በር የሚጠብቅ ይፈለጋል። ወራትን በስደት ያሳለፈ ልጅ ደግሞ አንድ ቀን ቡችላ ከመንገድ አቅፎ ይገባና የእኛ ይሁን ይላል።

እንዲህ ያለውን ልጅ እንቢ ማለት ይከብዳል። እሺ ማለትም ቢሆን ከባድ ኃላፊነት አለው። እንስሳው ለቤተሰቡ ደስታ ወይም አደጋ መሆኑን በአብዛኛው የሚወስነው ዝርያው ወይም መልኩ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚደረግለት ነገር ነው።

በግቢ ያለችው ወይስ ከገበያ የምትመጣው?

በአማርኛ "የቤት እንስሳ" ስንል በሬውም፣ በጉም፣ ዶሮውም አብረው ይታሰባሉ። ለጥቅም ሳይሆን ለወዳጅነት ብቻ የሚያዘውን እንስሳ ለይቶ የሚጠራ የተለመደ ቃል የለንም። ኦምዱርማንም በዚህ ረገድ ከእኛ ብዙም አትርቅም። በግንብ በታጠረው ሰፊ ግቢ፣ ሱዳናውያን "ሆሽ" በሚሉት፣ ለወተት የምትታለብ ፍየልና በቆርቆሮ ቤት የሚያድሩ እርግቦች ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ያለው የአል ሙዌሊህ ገበያም በግመል ንግዱ ይታወቃል።

ድመት ግን የተለየ ቦታ አላት። በእስልምና ባህል ንጹሕ ተደርጋ ትታያለች፤ ከቤት ወጥታ ብትገባ፣ ከምንጣፍ ላይ ብትተኛ የሚከፋ የለም። በሱዳን አረብኛ ስሟ "ከዲስ" ነው፤ ቃሉ በኑቢያ ቋንቋም አለ። አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት የአውሮፓ ቋንቋዎች ለድመት የሚጠቀሙበትን ስም ከዚህ ቃል ጋር ለማያያዝ ሞክረዋል፤ ሌሎች ግን አይቀበሉትም።

ስለ ውሻ ያለው አመለካከት ጠንከር ያለ ነው። ብዙ ቤተሰቦች ውሻን ከግቢ አልፎ ወደ መኖሪያ ክፍል አያስገቡም። ሆኖም በሱዳን ለዘመናት ሰፍኖ የኖረው የማሊኪ የፍትሕ ትምህርት በሕይወት ያለ ውሻን ርኩስ አይለውም፤ በዚህም ከሻፊዒና ከሐንበሊ ትምህርት ቤቶች ይለያል። ከጎረቤት ጋር ክርክር የሚፈራ ቤተሰብ ይህን ማወቁ አይጎዳውም።

ምርጫው ላይ ስንመጣ ከሙቀቱ መጀመር ይገባል። በግንቦት ወር በካርቱም አካባቢ አማካይ የቀን ከፍተኛ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ፊታቸው ጠፍጣፋ፣ ጸጉራቸው ረጅም የሆኑ የፋርስ ድመቶች በአረቡ ዓለም ተወዳጅ ናቸው፤ ግን አፍንጫቸው አጭር በመሆኑ ለመተንፈስ ይቸገራሉ፣ ጸጉራቸውም በየቀኑ መበጠር ይፈልጋል። መብራት በሚጠፋበትና ማቀዝቀዣ በማይሠራበት ቤት እንዲህ ያለችን ድመት ገዝቶ ማስገባት፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ጭካኔ ነው። የግቢዋ ድመት በአንጻሩ ጸጉሯ አጭር፣ አካሏ ቀጭን ነው። የቤት ድመት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ዛሬም በሱዳን ከሚኖረው የዱር ድመት ወገን ነው። አገሩም አየሩም የእሷ ነው።

ከአንድ ወላድ ግልገሎች መካከል የቱን መምረጥ ይሻላል? ዓይኑና አፍንጫው የማይፈስስ፣ ሆዱ ከመጠን በላይ ያልተነፋ፣ የሚበላና የሚጫወት ይሁን። ከዚህ በላይ የሚጠቅመው ግን ጠባዩን መመልከት ነው። እጅ ሲዘረጋለት መጀመሪያ ሸሽቶ ቆይቶ ለማሽተት የሚመለስ ግልገል ልጆች ላሉበት ቤት ይስማማል። ከማንም በፊት ዘሎ የሚመጣው ደፋር ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም፤ ከጥግ ጨርሶ የማይወጣው ደግሞ ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል። ድመት ከሰው ጋር መኖርን በቀላሉ የምትለምደው ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ዕድሜዋ ባለው ጊዜ ነው። ለቡችላ ይህ ጊዜ ረዘም ይላል፤ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ይዘልቃል። ሁለቱንም ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው መለየት አይመከርም።

ሊዘነጋ የማይገባው በሽታ

ከመንገድ የተነሣ ቡችላ ከሁሉም በፊት የሚያስነሣው ጉዳይ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በሽታው በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰዎችን ይገድላል፤ ከእነዚህ 95 በመቶ ያህሉ የሚሞቱት በአፍሪካና በእስያ ነው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ሲሆን፣ ከሟቾቹ 40 በመቶ ገደማ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ሕፃናት ከውሻ ጋር ይጫወታሉ፣ ፊታቸው ለንክሻ ቅርብ ነው፣ ትንሽ ጭረት ሲደርስባቸውም ቁጣ ፈርተው ለወላጅ ሳይናገሩ ይቀራሉ።

በጦርነት የተበተነ ከተማ ለዚህ በሽታ የተመቸ ነው። ባለቤት የሌላቸው ውሾች ይበዛሉ፣ ክትባት ይቋረጣል፣ ጤና ጣቢያ ይዘጋል። ኦምዱርማንን ከባህሪ ጋር ያገናኝ የነበረው የሸምባት ድልድይ ኅዳር 1/2016 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ የሚገኝበት ሸምባት ከወንዙ ማዶ ቀረ።

መታወቅ ያለበት አስቸጋሪ እውነት አለ። ጤነኛ መስሎ የሚታይ ቡችላ በሽታውን ተሸክሞ ሊሆን ይችላል፤ ተህዋሲው ምልክት ሳያሳይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ስለዚህ የማይታወቅ ቡችላ ወደ ቤት ከገባ ክትባት እስኪያገኝ ልጆች እንዲስሙት፣ ጣታቸውን አፉ ውስጥ እንዲያስገቡ፣ ቁስላቸውን እንዲያስልሱት መፍቀድ አይገባም። በተለመደው አሠራር የመጀመሪያው የእብድ ውሻ ክትባት በሦስት ወር ዕድሜው ገደማ ይሰጠዋል፤ መከላከያው እስኪዳብርም ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል። ተከትቦ በማግስቱ ሙሉ በሙሉ ተጠበቀ ማለት አይደለም። ክትባቱ በየጊዜው መደገም ያለበት ሲሆን ድመትም መከተብ አለባት።

ንክሻ ወይም ጭረት ከደረሰ የሚደረገው ቀላል ነው፤ ግን መዘግየት የለበትም። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ። ክትባቱ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ሳይሆን በተከታታይ ቀጠሮዎች የሚሰጥ ነው፤ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ቀጠሮ መዝለል ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው፤ የዳኑት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በኢትዮጵያም ሆነ በሱዳን የተነከሰ ሰው አስቀድሞ ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ወይም ወደ ሃይማኖት አባት የሚሄድበት ጊዜ አለ። ጸሎቱ ማንንም አይጎዳም፤ የሚጎዳው የባከነው ቀን ነው። አዲስ አበቤዎች አካባቢውን እስከ ዛሬ "ፓስተር" እያሉ የሚጠሩት የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለረጅም ዓመታት የፀረ እብድ ውሻ ክትባት ሲያመርት የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

አዲስ የመጣ እንስሳ መላውን ቤት አይፈልግም። አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ወይም የአንድ ክፍል ጥግ፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበቃዋል። አፉ የተከፈተ ካርቶን በጎኑ አጋድሞ ውስጡ አሮጌ ጨርቅ ማንጠፍ ለድመት ጥሩ መሸሸጊያ ነው። ድመቷ ሁለትና ሦስት ቀን ከዚያ ባትወጣ አትጎተት፤ ሌሊት ሰው ሲተኛ ወጥታ ትበላለች። ውሃም ምግብም ከነጭራሹ ካልነካች ግን ሐኪም ያስፈልጋታል።

ልጆችን ማስተማር እንስሳውን ከማስተማር ይቀድማል። ሲበላና ሲተኛ አይነካም። ወደ እሱ አይሮጥም፤ ተቀምጦ እስኪመጣ ይጠበቃል። ለተከታታይ ወራት የጥይት ድምፅ ሰምቶ ያደገ ልጅና በዚያው ድምፅ መሃል የተወለደ ቡችላ ሁለቱም ድንገተኛ ጩኸት ያስደነግጣቸዋል፤ የጄኔሬተር መነሣት ወይም የበር መላተም ይበቃል። ድምፁን ከሩቅ፣ ቀስ በቀስ፣ ምግብ እየሰጡ ማለማመድ ለቡችላው ይረዳዋል። በጩኸት ጊዜ መቅጣት ግን ፍርሃቱን ያባብሰዋል።

አሸዋ በኦምዱርማን አይቸግርም፤ ጥልቀት ባለው ትሪ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን አሸዋ ሞልቶ ከምግቧ ርቆ ማስቀመጥ ድመቷን ለማስለመድ ይበቃል። ሰገራው በየቀኑ መነሣት አለበት። በድመት ሰገራ የሚተላለፈው የቶክሶፕላዝማ ተህዋሲ ከሰገራው ጋር ከወጣ በኋላ ሰውን መበከል የሚችለው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ሲቆይ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ብትተወው ይመረጣል፤ ድመቷን ማባረር ግን አያስፈልግም። ከሌላ ሰፈር የመጣች ድመት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ከቤት ሳትወጣ ብትቆይ ይሻላል፤ ቀድማ ከተለቀቀች ወደ ድሮ ቦታዋ ለመመለስ ስትሞክር ልትጠፋ ትችላለች።

ምግቡ ላይ የእኛም የሱዳኖችም ማዕድ አንድ ወጥመድ አለበት። የኢትዮጵያ ወጥም ሆነ የሱዳን ሙላህ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንና በተለይም የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ስለዚህ ከወጡ የተረፈውን መድፋት ለእንስሳው ደግነት አይደለም፤ ሽንኩርት ከመግባቱ በፊት ሥጋውን ወይም ዓሣውን ትንሽ ቀንሶ ማስቀመጥ ይሻላል። ድመት ሥጋ በል ስለሆነች በኪስራና በወተት ብቻ አትኖርም፤ ብዙ አዋቂ ድመቶችም ወተት ሆዳቸውን ይበጠብጠዋል። ለሰው ራስ ምታት የሚሰጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል።

ውሃውን በተመለከተ የአገሩ ልማድ መልስ አለው። ዚር የሚባለው የሸክላ ማሰሮ ከሥሩ የሚያንጠባጥበው ውሃ በሳህን ቢጠራቀም፣ በጥላ ስር የተቀመጠ ቀዝቃዛ መጠጥ ይሆናል። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ በሰንሰለት ከታሰረ በሙቀት ሊሞት ይችላል። ቀን አስሮ ሌሊት የመፍታት ልማድ በኢትዮጵያም የተለመደ ነው። ሰው ሳይቀርበው ታስሮ የሚያድግ ውሻ ግን ጠባቂ ሳይሆን ፈሪና ተናካሽ ይሆናል፤ የሚነክሰውም ብዙ ጊዜ ሌባውን ሳይሆን የጎረቤቱን ልጅ ነው።

በበዓል ቀን በግቢ በግ ለሚያርድ ቤተሰብ አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ አለ። ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ከታየ ያ ክፍል ለውሻ መሰጠት የለበትም፤ ይቀበር ወይም ይቃጠል። በውስጡ ያለው ትል በውሻው አንጀት አድጎ ዕንቁላሉ በሰገራው ይወጣል፤ ሰው ሲውጠው ተመሳሳይ እባጭ በራሱ ጉበት ወይም ሳንባ ይበቅላል። ውሻው በሐኪም ትእዛዝ በየጊዜው የትል መድኃኒት መውሰዱም ይጠቅማል።

እንደገና መሄድ ቢመጣስ?

የሱዳን ጦር ሠራዊት መላውን የካርቱም ግዛት ተቆጣጥሬያለሁ ያለው ግንቦት 12/2017 ዓ.ም. ነው። ሰው የሚመለሰው ከዚህ ተስፋ ጋር ነው። ሆኖም በ2015 ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ግብፅ ወይም በገላባት በኩል ወደ መተማ የተጓዘ ሰው አንድ ጥያቄ ያውቃል፤ አውቶቡሱ ውስጥ ቦታ ሲጠፋ እንስሳው ምን ይሆናል? ከጦርነቱም በፊት፣ ጥር 2012 ዓ.ም. በካርቱም አል ቁሬሺ መናፈሻ አጥንታቸው የወጣ አንበሶች ፎቶግራፍ ዓለምን ሲያስደነግጥ የታየው ይኸው ነበር። ችግር ሲመጣ በሰው እጅ ያለ እንስሳ ቀድሞ ይራባል።

ይህ እንስሳ ላለመያዝ ምክንያት አይሆንም። በመጀመሪያው ቀን መነጋገር የሚገባቸው ነገሮች ግን አሉ፦ ማን ያበላል፣ ቤተሰቡ ቢርቅ ከጎረቤት ማን ይረከባል፣ ስንት እንስሳ ማኖር ይቻላል። አንዲት ድመት በአምስትና በስድስት ወሯ ልትፀንስ ትችላለች፣ እርግዝናዋም ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። ሐኪም ከተገኘ ማምከኑ ከዓመት በኋላ ደርዘን ድመት ከመቁጠር ያድናል።

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገራት አብሮ ለመጓዝ ተስፋ ያለው ሰው ደግሞ ጊዜውን አስቀድሞ ማስላት አለበት። ከሱዳን ለሚመጣ ውሻ ወይም ድመት ከቆዳ ሥር የሚቀበር መለያ፣ ከዚያ የእብድ ውሻ ክትባት፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ የሚደረግ የደም ምርመራ፣ ደሙ ከተወሰደም በኋላ የሦስት ወር ጥበቃ ይጠየቃል። በጥቅሉ ከአራት ወር አያንስም። የክትባቱ ካርድ ከልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ጋር በአንድ ፌስታል ቢቀመጥ፣ ፎቶውም በስልክ ቢያዝ ቦታ አይፈጅም።