ስለ ትንሹ የፊት ማርሽ

የሐዋሳ ከተማ ከሐይቁ ዳር እስከ አላሙራ ተራራ ግርጌ በሜዳ ላይ የተዘረጋች በመሆኗ፣ ልጆቿ ገና እግራቸው ፔዳል በቅጡ ሳይደርስ ብስክሌት መንዳት ይለምዳሉ፤ ነገር ግን ይኸው ሜዳነቷ አንድ ክፉ ስሕተት በልቡናችን ተክሎብናል፤ ይኸውም ማርሽ የተሠራው ለፍጥነት ነው፣ ትንሹም የፊት ማርሽ የሕፃንና የደካማ ነው የሚለው ነው።

ይህ ማርሽ የሚገኝበት፣ ማውንቴን የምንለው ብስክሌት ጎማው ወፍራምና ጥርሳም፣ መሪው ቀጥ ያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ኮረብታዎች የተፈለሰፈ፣ በ1996 ደግሞ በአትላንታ ኦሊምፒክ የገባ ነው። ስለ አካሉ ይህ ይበቃል።

የማርሹን ምሥጢር ግን በአኃዝ ላስረዳ። በገበያ በብዛት የሚገኘው ባለ 21 ማርሽ፣ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ጥርሳም ብረት ይዟል። የፊቱ ትልቁ 42 ጥርስ፣ የኋላው ትንሹ 14 ጥርስ ቢኖረው፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ብስክሌቱም ከስድስት ሜትር በላይ ይሄዳል። በአንጻሩ የፊቱ ትንሹ 24፣ የኋላው ትልቁ 28 ሲሆን፣ በአንድ ዙር የሚሄደው ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን የሰማ ጎረምሳ «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ይላል። የሚጠቅመውን የሚያውቀው ጉልበቱ ነው፤ መንገዱ ባጠረ መጠን በየዙሩ የሚያነሣው ሸክም ይቀላልና።

እኔም ይህን የተማርሁት በውርደት ነው። ከሐዋሳ ተነሥቼ በሻሸመኔ በኩል ወንዶ ገነት ደርሼ ልመለስ፣ ደርሶ መልስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ብቻዬን ቆርጬ በወጣሁበት ቀን፣ በውዳሴ ከንቱ ተሸንፌ ትልቁን ማርሽ ሳልለቅ ዳገቱን ስታገል፣ ጉልበቴ ከድቶኝ ወርጄ ብስክሌቴን መግፋት ጀመርሁ፤ ሣር የጫነች አህያ የሚነዱ ሽማግሌም «በርታ ልጄ» ብለው አለፉኝ። በማግሥቱ ወደ ጠጋኙ ብወስደው፣ ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይቺን ትንሿን ነክተዋት አያውቁም እንዴ?» አለኝ። ትልቁ ማርሽ ከማለቁ የተነሣ ጥርሱ እንደ ምላጭ ሾሏል፤ ትንሹ ግን የፋብሪካ ግራሱ ከነአቧራው ደርቆበት፣ ገና ካቴና ያልነካው ድንግል ነበረ።

ትንሹ ማርሽ የደካማ ላለመሆኑ ምስክር እንዲሆነኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውን፣ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚዘልቀውን የብስክሌት ጉዞ፣ ቱር ዳፍሪክን ልጥቀስ። ከተሳታፊዎቹ የሚበዙት በብስክሌት የማይተዳደሩ፣ ለፍቅሩ ብቻ የሚጋልቡ አማተሮች ናቸው። ቃሉም «አፍቃሪ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነውና ስድብ አይደለም፤ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክለው የጋለቡት እነ ገረመው ደንቦባም በጊዜው ሕግ አማተሮች ነበሩ። የቱር ዳፍሪክ ተጓዦች መንገዳቸው በኢትዮጵያ ሲያልፍ፣ የዓባይን ሸለቆ ከድልድዩ ወዲህ ሲወጡ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይገጥማቸዋል። በዚያ በትንሹ ማርሽ ብናሰላው፣ ፔዳሉ ወደ 11,000 ጊዜ መዞር አለበት፤ እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ፣ ያለ ችኮላ። በትልቁ ማርሽ ዙሩ ወደ 3,000 ይወርዳል፤ ግን ያን ሁሉ ዙር በዚያ ዳገት የሚረግጥ ጉልበት እንኳን ለእኔ፣ ለጎበዞቹም ብርቅ ነው።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን ብስክሌት ተከራይቶ የሚያበላሸው ነው፤ ዳገቱ መካከል ደርሶ፣ ቁሞ ፔዳሉን በሙሉ ክብደቱ እየረገጠ ማርሽ ይቀይራል፤ ካቴናውም ሲንቋቋ ቆይቶ ሲበጠስ «ዕቃው የማይረባ ነው» ብሎ ባለቤቱን ይሰድባል። ካቴና በብዛት የሚዘለውና የሚበጠሰው ተወጥሮ ሳለ ወደ ሌላ ማርሽ ሲገፋ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ዳገቱ ሳይጀምር፣ እግርህን አላልተህ፣ ወደ ትንሹ ማርሽ ውረድ፤ ብስክሌቱን ስታሳርፈውም በካቴናው በኩል አታስተኛው።