ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ እና የደም ግፊት የልብ ሕመም

ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ (በአጭሩ ኤምኤምፒ) በሕዋሳት መካከል የሚገኙ ፕሮቲኖችን የሚቆራርጡ የኢንዛይሞች ቤተሰብ ነው። በሰው ልጅ 23 ዓይነቶቹ ይታወቃሉ። ሥራቸውን ለመሥራት ዚንክ የተባለው ማዕድን ያስፈልጋቸዋል። የደም ግፊት ለዓመታት ሳይታከም ሲቀር የልብ ግድግዳ በመጀመሪያ ይወፍራል፣ ይደድራል፤ በኋላም ሊለጠጥና ሊደክም ይችላል። በዚህ ለውጥ ውስጥ ኤምኤምፒዎችና ተቆጣጣሪዎቻቸው ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ግኝት

የመጀመሪያው ኤምኤምፒ የተገኘው በልብ ሳይሆን በእንቁራሪት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጀሮም ግሮስና ቻርልስ ላፒዬር የእንቁራሪት እጭ ወደ ሙሉ እንቁራሪት ሲለወጥ ጅራቱ እንዴት እንደሚጠፋ ሲያጠኑ፣ ኮላጅን የሚባለውን ጠንካራ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም አገኙ። ኢንዛይሙም ኮላጅኔዝ ተባለ።

በጤናማ ልብ ውስጥ ያለው ሚዛን

የልብ ጡንቻ ሕዋሳት በኮላጅን መረብ ተያይዘዋል። ኮላጅን ለልብ ግድግዳ የሚሰጠው አገልግሎት ማገር ለጭቃ ቤት ግድግዳ ከሚሰጠው ጋር ይመሳሰላል፤ ቅርጹን ይጠብቃል፣ ከልክ በላይ እንዳይለጠጥም ይይዘዋል። ይህ መረብ ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀር አይደለም። ፋይብሮብላስት የተባሉ ሕዋሳት አዲስ ኮላጅን ያመርታሉ፣ ኤምኤምፒዎች ደግሞ ያረጀውን ያነሳሉ። እንደ ኤምኤምፒ-1 ያሉት ኮላጅኔዞች የኮላጅኑን ገመድ ይበጥሳሉ፤ ኤምኤምፒ-2 እና ኤምኤምፒ-9 የተበጠሰውን የበለጠ ያደቁታል።

ኢንዛይሞቹ ከልክ እንዳያልፉ ቲምፕ የሚባሉ አራት ፕሮቲኖች ይገቷቸዋል። ስለዚህ የልብ ግድግዳ ጤንነት የሚወሰነው በኤምኤምፒ መብዛት ወይም ማነስ ብቻ ሳይሆን በኤምኤምፒና በቲምፕ መካከል ባለው ሚዛን ነው።

የደም ግፊት የሚያመጣው ለውጥ

ግፊቱ ከፍ ሲል የግራ ልብ የታችኛው ክፍል (ግራ ቬንትሪክል) ደምን ለመርጨት የበለጠ ይታገላል፤ ጡንቻውም ይወፍራል። በዚሁ ጊዜ አንጂዮቴንሲን 2 እና አልዶስቴሮን የተባሉ ሆርሞኖች ፋይብሮብላስቶችን ቀስቅሰው ኮላጅን እንዲበዛ ያደርጋሉ። ቲምፕ-1 ሲጨምር ደግሞ የሚነሳው ኮላጅን ከሚመረተው ያንሳል። ውጤቱ ፋይብሮሲስ ወይም የጠባሳ መከማቸት ነው። የደደረው ልብ ደም ለመርጨት አቅም ቢኖረውም በሚገባ ተላልቶ ደም መቀበል ይቸግረዋል። ሕመምተኛው ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል።

ሕመሙ ሲገፋ ሚዛኑ ወደ ሌላኛው ወገን ሊያጋድል ይችላል። የኤምኤምፒዎች ሥራ ሲበረታ ሕዋሳትን አያይዞ የነበረው ጥሩው መረብ ይበጣጠሳል፣ ጠባሳ ቦታውን ይይዛል፣ የልብ ክፍሉም ይሰፋል። በዚህ ደረጃ ልብ የመርጨት ኃይሉንም ያጣል። አንድ ዓይነት ኢንዛይሞች በአንዱ ደረጃ ማነሳቸው፣ በሌላው መብዛታቸው ጉዳት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕክምና

ኤምኤምፒዎችን በቀጥታ በመድኃኒት ማገድ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመ ሙከራ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ለደረሰባቸው ሰዎች የተሰጠ የኤምኤምፒ ማገጃ የልብን መስፋት እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ለካንሰር በተሞከሩ ተመሳሳይ መድኃኒቶችም የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ታይቷል፤ ኢንዛይሞቹ በመላ ሰውነት ጠቃሚ ሥራ አላቸውና።

የተሻለ ውጤት የተገኘው ሚዛኑን ያዛባውን ምክንያት በማከም ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት፣ ሊሲኖፕሪልን ለ6 ወራት በወሰዱ የደም ግፊት ሕመምተኞች ከልብ የተወሰደው ናሙና ፋይብሮሲሱ መቀነሱን አሳይቷል። ሊሲኖፕሪልና ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲን 2 እንዳይመረት ያግዳሉ፤ ሎሳርታን ሥራውን፣ ስፓይሮኖላክቶን ደግሞ የአልዶስቴሮንን ሥራ ያግዳሉ።

በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 64 ከሆኑ ነዋሪዎች መካከል 31.5 በመቶ ወንዶችና 28.9 በመቶ ሴቶች ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች 1,006 የልብ ድካም ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት ታትሟል። ዋናው የሕመሙ መንስኤ የደም ግፊት ሲሆን፣ የሕመምተኞቹ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት ገደማ ነበር። ይህም ብዙዎች በሥራ ዕድሜያቸው እንደሚታመሙ ያመለክታል።

የልብ መወፈርና መደደር በልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ይታያል። ኢኮ በአብዛኛው የሚገኘው በሆስፒታሎችና በግል ማዕከላት ነው፤ የደም ግፊት ልኬት ግን በኮልፌ ቀራንዮም ሆነ በሌሎች ክፍለ ከተሞች ባሉ ጤና ጣቢያዎች ይሰጣል። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ፣ ሰውየው ሕመም ሳይሰማው በልቡ ውስጥ ኮላጅን ሊከማች ይችላል። መድኃኒትን «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥም ይህንኑ ሂደት እንደገና ያስቀጥላል። የቆየ ጠባሳን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ግፊቱን በጊዜ ለክቶ መቆጣጠር፣ ጨው መቀነስና መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ የልብን ግድግዳ ለመጠበቅ የተሻሉ መንገዶች ናቸው።