ውሃ ሲጠጣ ቀለሙን የሚያጣው ድንጋይ

በበጋ ወራት በአርሲ የምትገኘው የኦጎልቾ ሰማይ ነጣ ይላል። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆው ዝቅተኛ ምድር ላይ ናት፤ ነፋሱ የሚያነሣው አቧራም በላይዋ ተንሳፎ ይውላል። በዚያው ዕለት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጭላሎ ተራራ ጫፍ ለሚያይ ሰው ግን ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ብርሃኑን የሚበትኑት ቅንጣቶች መጠን ነው። የአየር ሞለኪውሎች ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚያንሱ አጭሩን ሞገድ አብልጠው ይበትናሉ። ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው ስሌት መሠረት፣ የሞገዱ ርዝመት 450 ናኖሜትር የሆነ ሰማያዊ ብርሃን 650 ናኖሜትር ከሆነው ቀይ ከአራት እጥፍ በላይ ይበተናል። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አቧራው ግን ከሞገዱ ስለሚበልጥ ቀለም ሳይመርጥ ሁሉንም ይበትናል፤ ነጩ ሰማይም ከዚህ ይመጣል።

እዚህ ላይ ቅንጣቶቹ የሚገኙት እንዳጋጠማቸው፣ ያለ ሥርዓት ነው። በእኩል ርቀት ቢደረደሩ ምን ይፈጠራል? መልሱ ወሎ ውስጥ በገደል ወገብ ተቀብሮ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ዛሬ በዓለም የጌጣጌጥ ገበያ የታወቀ ነው። ቆፋሪዎቹ ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው ከገደሉ አፋፍ ወደ ውስጥ እየፈለፈሉ፣ ከጥንታዊ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ያወጡታል። ድንጋዩ ሲዞር አረንጓዴው ብርቱካናማ፣ ሰማያዊው ሐምራዊ ይሆናል። ይህን የቀለም ጨዋታ የሚፈጥር ማቅለሚያ ግን በውስጡ የለም፤ ኦፓል በአመዛኙ ሲሊካና ውሃ ነው።

ምሥጢሩን እ.ኤ.አ. በ1964 የገለጠው አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ጄ. ቪ. ሳንደርስ ነው። የአገሩን ኦፓል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በጉልት ላይ እንደተከመረ ብርቱካን እርስ በርስ ተደግፈው የተደረደሩ ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች አየ። ከእያንዳንዱ ድርድር የሚመለሰው ብርሃን ከቀጣዩ ጋር ሲገጥም አንድ ቀለም ይጎላል፤ ሌላው ይጠፋል። ሒሳቡን እኔም ሠርቼው ነበር። ኳሶቹ 200 ናኖሜትር ስፋት ቢኖራቸውና በመካከላቸው አየር ቢኖር፣ ፊት ለፊት የሚመለሰው ሞገድ ወደ 440 ናኖሜትር ይሆናል፤ ይህ ሰማያዊ ነው። 250 ሲሆኑ አረንጓዴ፣ 300 ሲሆኑ ቀይ ይመጣል። ቀይ የሚያበራ ኦፓል ብርቅ ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው፤ ተፈጥሮ ትልልቆቹን ኳሶች እኩል አድርጋ ማሳደግ አለባት።

የደላንታው ኦፓል ከአውስትራሊያው የሚለይበት ጠባይ አለው። ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲነከር ብዙው እንደ መስታወት ይጠራል፤ የቀለሙ ጨዋታም ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ይህን ያየ ገዢ ተታለልኩ ብሎ ይደነግጣል። ድንጋዩ ግን አልተበላሸም። ብርሃን የሚበተነውም የሚመለሰውም ፍጥነቱ በሚለወጥበት ድንበር ላይ ነው። ብርሃን በሲሊካ ውስጥ ከባዶ ቦታ ይልቅ 1.45 ጊዜ ያህል፣ በውሃ ውስጥ 1.33 ጊዜ፣ በአየር ውስጥ ግን 1 ጊዜ ገደማ ይዘገያል። ውሃው በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ያለውን አየር ሲተካ ልዩነቱ ከ0.45 ወደ 0.12 ይወርዳል፤ ብርሃኑም ድርድሩን እንዳላየ ያልፋል። ድንጋዩ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ሲደርቅ፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ሻጭ ይህን ለገዢው አስቀድሞ ቢነግረው ሁለቱም ይጠቀማሉ።

እንዲህ ያለውን ሥርዓት ፊዚክስ ፎቶኒክ ክሪስታል ይለዋል። ንድፈ ሐሳቡ የጎለበተው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ኤሊ ያብሎኖቪችና ሳጂቭ ጆን አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ በየትኛውም አቅጣጫ የተወሰነ ሞገድ የማይገባበት ቁስ መሥራት እንደሚቻል በዚያው ዓመት አሳተሙ። ተፈጥሯዊ ኦፓል እዚህ አይደርስም፤ የሲሊካና የአየር ልዩነት አነስተኛ ስለሆነ አንዱን ሞገድ በአንድ አቅጣጫ ቢከለክል በሌላው ያሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጆን ያለበት ቡድን ሰው ሠራሽ ኦፓልን እንደ ቅርጽ ማውጫ ተጠቀመ፤ በኳሶቹ መካከል ሲሊከን ሞልቶ ሲሊካውን አሟሟ። የቀረው ባለቀዳዳ ሲሊከን 1.5 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ከየትኛውም አቅጣጫ ከለከለ። በፋይበር የሚሄደው የኢንተርኔት መረጃም በዚሁ የሞገድ አካባቢ ይጓዛል።

ይህን ሥራ ወደ አሰላ ባመጣው ደስ ይለኛል። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ለንድፈ ሐሳቡ ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፤ ኮምፒውተርና ኤም አይ ቲ በነጻ የሚያሰራጨው ኤም ፒ ቢ የተባለው ፕሮግራም ለመነሻ ይበቁታል። ጥያቄውም ተዘጋጅቷል። ከላይ የሠራሁት ስሌት ኳሶቹን ፍጹም ጠጣር አድርጎ ይወስዳል፤ የደላንታው ኦፓል ግን ራሱ ባለቀዳዳ ነው። ውሃው ግማሹን ቀዳዳ ብቻ ሲሞላ የትኛው ቀለም ቀድሞ ይጠፋል?